የአክስቴ ስኳር ዘጠኝ ነው

አክስቴ የምትኖረው ቶሮንቶ ነው። ከድሬ ዳዋ ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። አንድ እሑድ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው ማን አገባ ማን ወለደ ተብሎ ካለቀ በኋላ፣ «ጠዋት ስኳሬን ስለካው ዘጠኝ ሆነብኝ» አለች። እማዬ ስልኩን እጄ ላይ ጥላ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ምነው ብላት ጎረቤታችንን አነሳችብኝ። እሳቸው ስኳራቸው 40 ወርዶ፣ ራሳቸውን ስተው፣ በባጃጅ ነው ሆስፒታል ያደረስናቸው። 40 እሳቸውን የሚያህል ሰው ከጣለ ዘጠኝ ምን ሊያደርግ ነው?

አክስቴ በዚያ በኩል ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

ነገሩ የመለኪያ ጉዳይ ነው። እኛ አገር፣ አሜሪካም እንደዚሁ፣ የደም ስኳር የሚነገረው በሚሊግራም ነው፤ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም ስኳር አለ ይባላል። ካናዳና እንግሊዝ ደግሞ ሚሊሞል በሊትር ይላሉ። የእነሱን ወደ እኛ ለማምጣት በ18 ማባዛት ነው። ዘጠኝ በ18 ሲባዛ 162። በባዶ ሆድ ከሆነ ከፍ ያለ ነው፣ መስተካከል ይፈልጋል፣ ለቅሶ ግን አያስቀምጥም።

ያን ቀን ሳቅን አለፍን። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ስኳርና ደም ግፊት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ፣ መሣሪያ አለ። በሁለት አገር መካከል ባለው ስፌት ላይ ግን ነገሩ ይተረተራል። ቁጥሩ ሌላ፣ የመድኃኒቱ ስም ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ስልክ ላይ የሚባለው «ደህና ነኝ» ደግሞ ከሁሉም ሌላ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰው ሲሰደድ ታሞ አይሄድም። አብዛኛው ወጣት ነው፣ ጉልበት ያለው ነው፣ ቪዛ ለማግኘትም የጤና ምርመራ አልፎ ነው የሚሄደው። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፤ አዲስ የገባ ስደተኛ እዚያው ከተወለደው ሰው የተሻለ ጤና ይዞ ይመጣል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ያ ብልጫ እየተሸረሸረ ይሄዳል። የእኛው ሰዎችም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በብዛት ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ፣ ያውም ገና በወጣትነታቸው፣ በሽታው በብዛት ይገኝባቸው ጀመር። ደማቸው ያው ነው፣ ዘራቸው ያው ነው። የተለወጠው ኑሮው ነው።

ሌላ የሚገርመኝ ጥናት የጋናዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ገጠር ያሉ ጋናውያንን፣ ኩማሲ ከተማ ያሉትን፣ ከዚያ አምስተርዳም፣ ለንደንና በርሊን የሚኖሩትን ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሯቸው። ውፍረቱ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ አውሮፓ እያለ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ስኳሩ ላይ ግን የአገራቸው ከተሜዎች አውሮፓ ካሉት ብዙም አልራቁም። ለሰውነት ስደት የሚጀምረው አውሮፕላን ሲሳፈሩ አይደለም ማለት ነው። ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ ወርዶ ድሬ መሀል ቤት ተከራይቶ በባጃጅ መመላለስም ለቆሽት ስደት ነው። ከተማችንስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የመን፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ጉራጌ የሞላት የመጤ ከተማ አይደለች?

ውስጥ የሚሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። የበላነው እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ ሁሉ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ያንን ስኳር ወደ ሴሎች የሚያስገባ ቁልፍ ነው። ትልቁ ተቀባይ ጡንቻ ነው። በእግሩ የሚሄድ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚሸከም ሰው ጡንቻው ሁልጊዜ ይራባል፣ ስኳሩን ይጠጣዋል። ከተቀመጠ ግን ጡንቻው ይጠግባል፣ በሩን ይዘጋል። የተረፈው ስብ ሆኖ ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ጉበት ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። ያ ስብ ደግሞ ቁልፉን ያደነዝዘዋል። ቆሽት «አልሰማ አሉኝ» ብሎ ኢንሱሊኑን እጥፍ ያደርጋል። ዓመታት እንዲህ ይለፋና አንድ ቀን ይደክመዋል። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ስኳር ይኸው ነው። ድንገት የመጣ ይመስላል እንጂ ሲመጣ ቆይቷል። «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» የሚለውም አያድንም፤ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ላይ ብቻ የቋጠረ ሰው ስንት አለ።

አሁን የአክስቴን ቀን እዩት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ በጨለማ አውቶቡስ ትይዛለች። ቁርስ የለም፣ ቡና በወተት፣ ስኳሩ ከተሠራበት ቦታ ጀምሮ የተጨመረበት። ቀን እየቆመች አንድ ነገር ትቀምሳለች። ሁለተኛ ሥራ ካለ ማታ ሦስት ሰዓት ቤት ትገባለች፣ ያኔ ነው እንጀራ የሚበላው፣ ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው አበላል፣ ከዚያ ወደ መኝታ። የሌሊት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰውነት በራሱ ሰዓት ስለሚሠራ በሌሊት የተበላ ምግብ ስኳርን ቀን ከተበላው የበለጠ ከፍ ያደርገዋል። ክረምቱ ስድስት ወር ሊሆን ምንም አይቀረውም፣ በረዶ ላይ ማን በእግሩ ይሄዳል። ድሬ እያለች ከሳቢያን ሰፈር ቀፊራ ገበያ በእግሯ ወርዳ ሽንኩርት ተሸክማ ትመለስ የነበረች ሴት ናት። ይህን «የአኗኗር ዘይቤ ይለውጡ» ብሎ ወረቀት ለሚሰጣት ሰው ማን ይንገርልኝ? የትኛውን ሰዓቷን ነው የምትለውጠው?

እንጀራውም ያው አይደለም። ውጭ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሩዝ ይቀላቀልበታል። ቤት የሚጋግሩትም ቶሎ እንዲቦካ ብለው በራሱ የሚነፋውን የፋብሪካ ዱቄት ይጨምሩበታል። ያ ዱቄት ውስጥ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ ተቀላቅሎበታል። ወጡ ላይ ጨው ቀንሻለሁ የሚለው የግፊት በሽተኛ እንጀራው ላይ መልሶ እየበላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አካባቢ። እንጀራ ተው አልልም፣ ማንም አይሰማኝም። ግን ሁለት እንጀራ የሚበላ ወደ አንድ መቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ማብዛት፣ ዳቦና ፓስታን ከእንጀራ ጋር አንድ ትሪ ላይ አለመደርደር ይቻላል። በነገራችን ላይ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው የሚለው እምነት ሌላ ወጥመድ ነው። ሥጋና ቅቤ የለውም እውነት ነው፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና በሦስት ማንኪያ ስኳር የተጠጣ ሻይ ግን ጾም ነውና አይቆጠርም የሚል ቆሽት የለም።

ረመዳን ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ አለ። እዚህ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ቶሮንቶ ሰኔ ላይ ፀሐይ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ ትቆያለች፣ ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲሄዱ ከዚያም ይረዝማል። በአንዳንድ የስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፣ በተለይ ግሊቤንክላሚድ፣ ብዙዎቻችን ዳኦኒል የምንለውን የሚወስድ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪም ጋ ሄዶ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል ነው ጥሩው። በጾም መሀል ጣት ወግቶ መለካት ጾም አይፈታም ነው የሚሉት ዑለማዎቹ። ከ70 በታች ከወረደ፣ በካናዳው መለኪያ ከ3.9 በታች ማለት ነው፣ እዚያው ማፍጠር ነው። ከ300 በላይ ከወጣም እንደዚሁ። ቁርኣኑ ራሱ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ ሰው ነው በራሱ ላይ የሚያከብደው።

ስለ ደም ግፊት ብዙ አላወራም፣ ግን አንድ ነገር ያበሳጨኛል። «ግፊቴ ሲነሳ አውቀዋለሁ፣ ማጅራቴን ይይዘኛል» የሚሉ ሰዎች። አታውቁትም። ግፊት ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎልን የደም ሥር ይጎዳል። መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆምም ከዚሁ ይመጣል። የተሻላችሁ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ፣ በተለያየ ቀን ተለክቶ ከተገኘ፣ ከፍተኛ ነው። ሲለካ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት አልፎት። ጫት ላይ ቆይቶ መጥቶ መለካትም ዋጋ የለውም፣ ቅጠሉ ራሱ የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ጫት ካነሳን አይቀር። የጫት ገበያዋ አወዳይ አጠገባችን ሆና ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ወሪያ፣ «ጫት ስኳር ያወርዳል» የሚለውን ማን ነው ያመጣው? ምግብ ያስጠላል፣ ሰውየው ምሳውን ይዘላል፣ መድኃኒቱን ግን ይወስድ ይሆናል፣ ወይም ሁለቱንም ይረሳል። ከዚያ ምርቃናው ላይ ለስላሳ ይከፈታል። በአንድ 300 ሚሊ ጠርሙስ ኮካ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚሆን ስኳር አለ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሁለት ጠርሙስ ሲሆን ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ቅጠሉን ከልክላለች፣ አሜሪካና ካናዳም አይፈቅዱትም። ስለዚህ ብዙ ወንድሞቻችን እዚያ አይቅሙም። ለእረፍት ሲመጡ ግን የዓመቱን በሦስት ሳምንት ለመወጣት ይሞክራሉ፣ የግፊት ኪኒናቸውን ሻንጣ ውስጥ ትተው።

ሻንጣውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አክስቴ ስትመጣ ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ይዛ ነው የምትመጣው። ቸርነት ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን ለእማዬ የራሷን የግፊት መድኃኒት ከፍላ ሰጠቻት፤ «ለእኔ ሠርቶልኛል»። እማዬ ዋጠች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቅ ሳል ጀመራት፣ የማይለቅ፣ ሌሊት የሚያስነሳ። አቧራ ነው ተባለ፣ ሙቀቱ ነው ተባለ፣ ማርና ዝንጅብል ተሞከረ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይሆን ብለን የአክታ ምርመራ ሁሉ አሰጠናት። በመጨረሻ አንድ ነርስ «ምን ትወስዳለች?» ብላ ጠየቀች። ኪኒናው ከኢናላፕሪል ወገን ነበር፣ ስሙ መጨረሻው ላይ «ፕሪል» የሚል። ይህ ወገን በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ በመጽሐፍም የታወቀ ነው። ሲቆምና በሌላ ሲተካ ሳሉ ጠፋ። ከሁሉ በላይ ነፍሰ ጡር ሴት በፍጹም ልትወስደው አይገባም። የመድኃኒቱን ትልቁን የንግድ ስም ትታችሁ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ፤ የንግድ ስም በየአገሩ ይለያያል፣ ትንሹ ስም ግን በአብዛኛው ያው ነው። እሱን ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ መያዝ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ድሬም ሆነ ሐረር ፋርማሲ ብታሳዩት ያውቁታል።

ኢንሱሊን ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከታች በሚጫነው ሻንጣ እንዳያስገባው። ሊቀዘቅዝና በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አይረባም። በእጅ ይያዝ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው በተለመደ የክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ብቻ ክፍሉ የድሬ ክፍል ከሆነ ነገሩ ይለያል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ማቀዝቀዣን አይተካም፣ ግን በደረቅ ሙቀት ውስጥ ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ያወርደዋል። አያቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙት እኮ በዚሁ ነው።

ቋንቋን ሳልነካ ባልፍ ደስ አይለኝም። ውጭ ሐኪም ፊት ልጅ ሲያስተረጉም ስንቱ ነገር ይጠፋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ቆሽት» የሚለውን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አያውቀውም። እናት ደግሞ ስለ ሽንትዋና ስለ ድካሟ ልጇ ፊት አታወራም። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ትወጣለች፣ ሐኪሙ ገባት ብሎ ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እርዳታ ማቅረብ አለበት፣ ያውም ሳያስከፍል። «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፣ ኦሮምኛም ሶማልኛም እንደዚሁ፤ በስልክም ያገናኛሉ። ይሉኝታ ነው የሚይዘን። አስተርጓሚው የሰፈር ሰው ሆኖ ወሬው ዕድር ላይ እንዳይደርስ ከፈራችሁም በስልክ የሚደረገውን ምረጡ፣ ምናልባት ሌላ ከተማ ያለ የማታውቁት ሰው ነው።

ሪያድ፣ ጂዳና ቤይሩት ሰው ቤት ለሚሠሩት እህቶቻችን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ዕረፍት ቀን የሌላት፣ ስልኳ የሚወሰድባት ልጅ ስለ ክትትል ልታስብ አትችልም። ተመልሳ ድሬ ስትገባ «ምን ይዘሽ መጣሽ» ከማለት በፊት ጤና ጣቢያ ወስዶ ግፊቷንና ስኳሯን ማስለካት ቤተሰብ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር ነው።

መከላከሉ ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ ይቻላል፣ ያውም በቁጥር የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳራቸው ወደ በሽታው ጫፍ የተጠጋ ሰዎችን በሦስት ከፈላቸው። ክብደታቸውን 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት በሽታው የሚይዛቸው ዕድል፣ ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ከሦስተኞቹ ጋር ሲነጻጸር፣ በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 ከመቶ። እግር ኪኒናውን በለጠው። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 ከመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ የማይደረስበት አይደለም። 150 ደቂቃውም ጂም አይፈልግም፤ አክስቴ ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድማ መውረድ ጀመረች፣ በበረዶው ወቅት ደግሞ የገበያ አዳራሹን ውስጥ ውስጡን ትዞራለች። አብሽና ጥቁር አዝሙድ የሚወስዱ አሉ። አብሽ ስኳር ትንሽ ሊያወርድ ይችላል፤ ለዚያ ነው ከመድኃኒት ጋር ሲደመር ለሐኪሙ መነገር ያለበት። አይቆጣችሁም። ቢቆጣም ይስማው።

እኛ ቤት ያደረግነው ትንሽ ነገር አለ። «እንዴት ነሽ» «ደህና» የሚለውን ትተን ቁጥር እንላላካለን። አክስቴ እሑድ እሑድ የመለኪያዋን ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፣ እማዬ የግፊቷን። መጀመሪያ ሁለቱም ተግደረደሩ፣ አሁን ፉክክር ሆኗል። እማዬ ካልኩሌተር መጠቀም የተማረችው ለዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ 7 ብላ ላከች፣ በባዶ ሆድ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ በ18 አባዛች። «126!» ብላ ጮኸች። «ይኼ እኮ ስኳር አለብሽ የሚባልበት ቁጥር ነው!» እውነቷን ነው፣ ለአዲስ ሰው በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር በሽታ አለበት ይባላል። ግን በሽታው ላለበት፣ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው የካናዳ ሐኪሞች ለአብዛኛው ሰው በባዶ ሆድ የሚፈልጉት ከ4 እስከ 7 ነው፤ አክስቴ ገብታበታለች። ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለቻት፦ «ጎበዝ። አሁን ደግሞ እስቲ ስድስትን አሳዪን።»